ጫማው ብር ነበር

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት፣ መብራት ባለ ጊዜ በራስጌ መብራት፣ በሌለ ጊዜ ደግሞ በሻማ፣ አሜሪካዊው ደራሲ ኤል. ፍራንክ ባውም በ1900 ያሳተመውን የኦዝን ጠንቋይ ታሪክ ሳነብላት ከረምኩ። ማንበብ ልበለው እንጂ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዓይኔ አንዱን ቋንቋ እየተከተለ አፌ ሌላውን ያወራል፤ ቃል ፍለጋ ስቆምም ልጄ በክርኗ ጎሸም እያደረገች ታስቀጥለኛለች። በገለባ የተሞላው ገጸ ባሕርይ አላስቸገረኝም፤ በአያቷ አገር በማሽላ ማሳ መካከል አሮጌ ኮት ለብሶ የሚቆመውን የወፍ ማስፈራሪያ በዓይኗ አይታዋለች። ከተማዋ ያጌጠችበትን አረንጓዴ ዕንቁ ምን እንደምለው ግን ጨንቆኝ፣ በመጨረሻ ከራእየ ዮሐንስ «መረግድ» የሚለውን ቃል ተውሼ የመረግድ ከተማ አልኳት፤ እሷም ወደደችው።

መጽሐፉን በጨረስን በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በ1939 የተሠራውን ፊልም አብረን ልናይ ተቀመጥን። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አውሎ ነፋሱ ቤቱን ነቅሎ ወሰደው፣ ቤቱም ኦዝ ወደተባለው የተረት አገር ደርሶ በአንዲት ክፉ ጠንቋይ ላይ ወደቀ፣ የሟቿም ጫማ የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ በሆነችው በካንሳሷ ልጅ በዶሮቲ እግር ላይ ብቅ አለ። ይህን ጊዜ ልጄ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ «አባዬ፣ አቁመው! ጫማው ብር ነው እኮ!» አለች።

አቆምኩት። ቀዩ ጫማ በስክሪኑ ላይ እያብለጨለጨ ቆመ። እውነቷን ነው፤ በመጽሐፉ ጫማው የብር ነው። ዶሮቲም ያደረገችው ለጌጥ ብላ ሳይሆን፣ የራሷ የቆዳ ጫማ ስላረጀ፣ ይኸኛው ግን ለረጅም መንገድ የሚሆንና ቶሎ የማያልቅ መስሎ ስለታያት ነው። «ለምን ቀየሩት?» ስትለኝ የሰጠኋት አጭር መልስ አላጠገባትም፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም አላጠገበኝም። ሥራዬ ቪዲዮ ማቀናበር ነውና የቀለም ጉዳይ ሲነሣ ዝም ማለት አልችልበትም፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስለዚህ ፊልም አሠራር ያነበብኩትንና ከድሮም የማውቀውን ለእሷ በየማታው በትንሽ በትንሹ ስነግራት ሰነበትኩ። እዚህ የምጽፈው እሱኑ ነው።

መልሱ የሚጀምረው ከመጽሐፉ ከራሱ ነው። የባውም የመጀመሪያ ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነው። የካንሳስ ሜዳ በፀሐይ ተቃጥሎ ግራጫ ሆኗል፣ የቤቱ ቀለም በፀሐይ ተላልጦና በዝናብ ታጥቦ ግራጫ ሆኗል፣ የአክስት ኤም ዓይንና ከንፈር ሳይቀር ግራጫ ነው፤ ዶሮቲን እንደ አካባቢዋ ግራጫ ከመሆን ያዳናት ቶቶ የተባለው ውሻዋ ብቻ ነው። ሥዕሎቹን የሠራው ዊልያም ዴንስሎም ይህንኑ ተከትሎ የሥዕሉን ቀለም እንደ አገሩ ይለዋውጠዋል፤ ማንችኪን የሚባሉት የኦዝ አጫጭር ሰዎች ምድር ሰማያዊ፣ የመረግድ ከተማ አረንጓዴ እየሆነ ይሄዳል። ስለዚህ ፊልም ሠሪዎቹ ካንሳስን ያለ ቀለም፣ ኦዝን በቀለም ለማሳየት ሲወስኑ ከራሳቸው የፈጠሩት ነገር አልነበረም፤ ደራሲው ከአራት ዐሥርት ዓመታት ገደማ በፊት በቃላት የሠራውን በብርሃን መድገማቸው ነበር። ብዙ ሰው ይህን የፊልሙ ብልሃት አድርጎ ሲያወራ ስሰማ ባውም ያሳዝነኛል።

ብልሃቱ ሌላ ቦታ ነው። ዶሮቲ ቤቱ ከወደቀ በኋላ በሩን ከፍታ ቀለም ወደ ሞላበት ዓለም የምትወጣበትን ቅጽበት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ዛሬ እኔ በኮምፒውተር ግማሹን ምስል ግራጫ፣ ግማሹን ባለ ቀለም ማድረግ ከፈለግሁ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እነሱ ያደረጉት ግን የቤቱን የውስጥ ግድግዳና በሩን በቡናማ ቀለም ቀብተው፣ የዶሮቲን ምትክ ተዋናይት ቡናማ ቀሚስ አልብሰው፣ ሁሉንም በባለ ቀለም ፊልም መቅረጽ ነው። በሩን የምትከፍተው ጀርባዋን የሰጠችን ምትኳ ናት፤ በሩ ሲከፈት ካሜራው ወደ ደማቁ አገር ይጠጋል፣ ምትኳ ከምስሉ ትወጣለች፣ እውነተኛዋ ጁዲ ጋርላንድ ሰማያዊ ዳማ ቀሚሷን ለብሳ ትገባለች። መቁረጫና መቀጠያ የለውም፤ ቀለም ቀቢና ልብስ ሰፊ የሠሩት አስማት ነው። ይህን ለልጄ ሳሳያት ሦስት ጊዜ መልሰን አየነው፤ በሦስተኛው ላይ የምትኳን ክንድ ይዛ፣ «ይቺ ሌላ ሰው ናት!» ብላ ጮኸች። (የካንሳሱ ክፍል በመጀመሪያ ለዕይታ ሲቀርብ ቡናማ ነበር። በ1949 ዳግመኛ ሲወጣ ተራ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ቡናማነቱ የተመለሰለት የፊልሙ 50ኛ ዓመት ሲከበር በ1989 ነው። በመካከሉ ያደገ ተመልካች ሁሉ የበሩን ብልሃት በትክክል አላየውም ማለት ነው።)

ወደ ጫማው ልመለስ። በዚያ ዘመን ባለ ቀለም ፊልም የሚቀረጽበት ቴክኒከለር የተባለው ካሜራ የቁም ሣጥን ያህል ግዙፍ ነበር። በሌንሱ የሚገባውን ብርሃን በመስታወት ከፋፍሎ በአንድ ጊዜ በሦስት የፊልም ጥቅልል ላይ ያሳርፈዋል፤ አንዱ የቀዩን፣ አንዱ የአረንጓዴውን፣ አንዱ የሰማያዊውን ብርሃን ድርሻ ይይዛል። ኩባንያው ካሜራውን አይሸጥም፤ ከባለሙያዎቹና ከቀለም አማካሪው ጋር ያከራያል እንጂ። ብርሃኑ በሦስት ስለሚከፈልም ካሜራው የማይጠግብ የብርሃን ጎርፍ ይፈልጋል፤ ቀረጻው ከጥቂት ነገር በቀር በሙሉ በካሊፎርኒያ፣ ኩልቨር ሲቲ በሚገኘው በኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ አዳራሾች ውስጥ ስለተካሄደ፣ ከመብራቱ የተነሣ የአዳራሹ ሙቀት ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፍ ነበር። ይህን ያህል ወጪና ላብ የሚጠይቅ ቀለም ይዞ ዋናውን ዕቃ ብር ማድረግ ምን ማለት ነው? ብር የራሱ ቀለም የለውም፤ አጠገቡ ያለውን ይወስዳል። ዶሮቲ በምትጓዝበት በቢጫ ጡብ መንገድ ላይ ብር ጫማ ብታቆሙ የቆሸሸ ቢጫ ነው የሚሆነው። ከስክሪፕቱ ጸሐፊዎች አንዱ ኖኤል ላንግሊ ብሩን ወደ ሩቢ፣ ማለትም ወደ ቀይ ዕንቁ፣ የቀየረው ለዚህ ነው። እኔ ብሆንም እቀይረው ነበር።

ቀይም ቢሆን ዝም ብሎ ቀይ አይደለም። ደማቅ ቀይ በቴክኒከለር ወደ ብርቱካንማ ይሄድባቸው ስለነበር፣ ጫማው የተለበጠበት ሲኩዊን የሚባለው የሚያብለጨልጭ ክብ ፈርጥ በዓይን ሲታይ ጠቆር ያለ፣ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አንድ ጊዜ በመልስ ዕለት የሙሽራዋ ቀይ ካባ በካሜራዬ ብርቱካንማ ሆኖ ወጥቶብኝ፣ እናትየው ቪዲዮውን ሲያዩ «ልጄ፣ ካባውን ማን ቀየረው?» ብለው ጠይቀውኛል። የስቱዲዮው አልባሳት ንድፍ አውጪ አድሪያን ያሠራቸው ጫማዎች እያንዳንዳቸው 2,300 ገደማ ፈርጥ አላቸው፤ በሐር ተረከዛም ጫማ ላይ ፈርጡ የተሰፋበት ስስ ጨርቅ ተለብጦ፣ ከፊት ለፊቱ በዶቃ የተሠራ ቀይ ጥብጣብ ተደርጎበታል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሶሉ ነው። ጫማው በእንጨት ወለል ላይ ሲራመዱበት ኳ ኳ እያለ ድምፅ ስለሚያበላሽ፣ ከሥሩ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ለጥፈውበታል።

ስለ ቀለም ከተነሣ አይቀር አንድ ቅሬታ አለኝ። በመጽሐፉ የመረግድ ከተማ አረንጓዴ የምትመስለው ወደ ከተማዋ የሚገባ ሁሉ በቁልፍ የሚቆለፍ አረንጓዴ መነጽር እንዲያደርግ ስለሚገደድ ነው፤ የጠንቋዩ አታላይነት አንባቢው ሳያውቀው እዚያው በር ላይ ተቀምጦለታል። ፊልሙ መነጽሩን ትቶ ከተማዋን በእውነት አረንጓዴ አደረጋት። ምናልባት ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍለው ለተመልካቹ ቴክኒከለር የሚባል መነጽር ካደረጉለት በኋላ ስለ ሐሰተኛ ቀለም ማውራቱ ከብዷቸው ይሆናል።

ስቱዲዮው መጽሐፉን እንዴት እንዳገኘው ባጭሩ ልናገር። ባውም በ1919 ሞቷል፤ በሕይወቱ ሳለ ታሪኩ በ1902 በመድረክ ሙዚቃዊ ድራማ ሆኖ ታይቷል፣ በ1914ም ራሱ ደራሲው የፊልም ኩባንያ አቋቁሞ ሞክሮታል። በ1925 ድምፅ አልባ ፊልም ተሠርቶለታል። ከዚያ በ1937 መጨረሻ ዋልት ዲዝኒ በተረት ላይ የተመሠረተ ሙሉ የአኒሜሽን ፊልም አውጥቶ ሲሳካለት፣ ኤም ጂ ኤም የልጆች ታሪክ ገንዘብ እንደሚያመጣ ገባውና በ1938 የፊልም መብቱን በ75 ሺህ ዶላር ገዛ። ስክሪፕቱ ከዐሥር በሚበልጡ ጸሐፊዎች እጅ ዞሯል፤ በፊልሙ ላይ የሦስቱ ስም ብቻ ተጽፏል። ዳይሬክተሮቹም እንዲሁ ናቸው። ሪቻርድ ቶርፕ ጀምሮ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ተባረረ፤ ጆርጅ ኩከር ለጥቂት ቀናት መጥቶ ለጁዲ ጋርላንድ የተደረገላትን ወርቃማ ዊግና ከባድ ሜካፕ አስወልቆ ሄደ፤ አብዛኛውን የሠራው ቪክተር ፍሌሚንግም ወደ ሌላ ፊልም ሲጠራ ኪንግ ቪዶር የካንሳሱን ክፍል ጨረሰ። አራት ሾፌር የተቀያየረበት አውቶቡስ መንገዱን አለመሳቱ ይደንቃል።

ልጄ ከጫማው ቀጥሎ የጠየቀችኝ ስለ አውሎ ነፋሱ ነው፤ «እውነተኛ ነው?» አለችኝ። አይደለም፣ ጨርቅ ነው። የልዩ ትዕይንቶች ኃላፊ የነበረው አርኖልድ ጊሌስፒ መጀመሪያ በጎማ ሞክሮት ጎማው አልጠማዘዝ አለው፤ ከዚያ ሙስሊን ከሚባል፣ የእኛን አቡጀዲ ከሚመስል የጥጥ ጨርቅ 11 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ላዩ ሰፊ ታቹ ጠባብ የሆነ ካልሲ መሳይ ነገር አሰፋ። የላይኛው ጫፍ ከአዳራሹ ጣሪያ ሥር በሐዲድ ላይ በሚሄድ ክሬን ላይ ታሥሮ ይሽከረከራል፤ የታችኛው ጫፍ በወለሉ በተቀደደ ስንጥቅ ገብቶ ከሥር ካለ ተንቀሳቃሽ ጋሪ ጋር ተያይዟል። ክሬኑና ጋሪው እኩል ስለማይሄዱ ጨርቁ እንደ እባብ ይታጠፋል። ከላይም ከታችም ደቃቅ የሸክላ አፈር በታመቀ አየር ይነፋበታል፤ ጨርቁ በሽመናው ቀዳዳ አፈሩን እያንጠባጠበ ጠርዙ ስለሚደበዝዝ ጨርቅነቱ ይጠፋል። ቤቱ ከሰማይ ሲወርድ የሚታየው ደግሞ ተገልብጦ ነው፤ ትንሽ የቤት ሞዴል ሰማይ በተሳለበት ወለል ላይ ጥለው ቀረጹት፣ ከዚያ ፊልሙን ወደ ኋላ አስኬዱት፤ ቤቱ ከሰማይ ተነሥቶ ወደ እኛ የሚመጣ መሰለ። ለልጄ ይህን ያስረዳኋት ነጠላ ጠምዝዤ፣ አንዱን ጫፍ ለእናቷ አስይዤ ነው። ዱቄት እንድንነፋበት ጠይቃ ነበር፤ እናቷ አልፈቀደችም።

እዚህ ድረስ ያለው ለልጅ የሚነገር ነው። ያልነገርኳትም አለ። ከዶሮቲ ጋር የሚጓዘውን የቆርቆሮውን ሰው እንዲጫወት መጀመሪያ የተመረጠው ባዲ ኤብሰን ፊቱ ላይ የሚነሰነሰው የአሉሚኒየም ዱቄት ሳንባው ውስጥ ገብቶ፣ ቀረጻው በተጀመረ በቀናት ውስጥ መተንፈስ አቅቶት ሆስፒታል ገባ። ስቱዲዮው በጃክ ሄሊ ተካው፤ ለሄሊ ዱቄቱን በቅባት ለውሰው ቀቡት፤ እሱም ዓይኑን አመመው። የኤብሰን ድምፅ ግን በኅብረት በሚዘፈነው መዝሙር ውስጥ ሳይወጣ ቀርቷል። ፊልሙን ዛሬ ስትሰሙ ከፊልሙ የተባረረውን ሰው እየሰማችሁ ነው።

ክፉዋን ጠንቋይ የተጫወተችው ማርጋሬት ሃሚልተን ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 1938 በእሳትና በጭስ የምትሰወርበትን ትዕይንት ስትሠራ እሳቱ ከመውረዷ በፊት ተነሥቶ ፊቷና እጇ ተቃጠለ። አረንጓዴው ሜካፕ መዳብ ስለነበረበት ከቁስሉ ላይ በአልኮል መጠረግ ነበረበት፤ ሥቃዩን አስቡት። ስድስት ሳምንት ያህል ተኝታ ስትመለስ ከእሳት ጋር የሚያገናኛትን ማንኛውንም ትዕይንት አልሠራም አለች፤ በምትኳ ቢያሠሩት፣ እሷም በሚጨስ መጥረጊያ ላይ ተቀምጣ ስትቀረጽ ተጎዳች። ሃሚልተን ተዋናይት ከመሆኗ በፊት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች፤ ልጆች እሷን አይተው መሸሻቸው ያሳዝናት ነበርና፣ በ1975 በአንድ የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርባ የጠንቋይዋን ልብስ ቁራጭ በቁራጭ እየለበሰች፣ ከሥሩ ያለው ሰው መሆኑን አሳይታለች። ይህን ቅንጭብ ለልጄ አሳየኋት፤ ጠንቋይዋን መፍራቷን የተወችው ያን ማታ ነው።

ፈሪውን አንበሳ የተጫወተው በርት ላር የለበሰው ከእውነተኛ የአንበሳ ቆዳ የተሠራ ልብስ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። በዚያ ሙቀት! ፊቱ ላይ የተለጠፈው እንዳይበላሽም ምሳውን ፈሳሽ በቀሰም ይጠጣ ነበር። አንበሳ የንጉሥ ምልክት ሆኖ በኖረበት አገር ላደገ ሰው አንበሳ በጅራቱ እንባውን ሲጠርግ ማየት ራሱ አንድ ነገር ነው፤ አባቴ ቢያዩት «ይኸን ቅሌታም» የሚሉ ይመስለኛል። ማንችኪኖቹን የተጫወቱት 124 ቁመተ አጭር ሰዎች ግን ከሁሉ የባሰ ተበድለዋል። በፊልሙ ላይ የአንዳቸውም ስም ለብቻው አልተጻፈም፤ አብዛኛው ድምፃቸውም በሌሎች ተተክቷል። በሆሊውድ ጎዳና ላይ በጋራ ኮከብ የተደረገላቸው በ2007፣ አብዛኞቹ ካለፉ በኋላ ነው። ዋና ተዋናይዋ ጁዲ ጋርላንድም 16 ዓመቷ ነበር፤ የመጽሐፉ ዶሮቲ ትንሽ ልጅ ስለሆነች ደረቷን በኮርሴት ጨፍልቀው፣ ምግቧን ቆጥረው ልጅ አስመሰሏት። እዚህ ላይ ከመጽሐፉ ጋር ለመመሳሰል ያደረጉት ጥረት ባይኖር በተሻለ ነበር እላለሁ።

ዘፈኑን ሳላነሣ አላልፍም። ባውም በመጽሐፉ ስለ ቀስተ ደመና የሚናገርበት ቦታ የለም። ግጥሙን የጻፈው ዪፕ ሃርበርግ ያሰበው ቀላል ነገር ነው፤ እንዲህ ባለ ደረቅ ግራጫ አገር የምትኖር ልጅ በሕይወቷ ያየችው ባለ ቀለም ነገር ቢኖር የማርያም መቀነት ብቻ ነው። ዜማውን የሠራው ሃሮልድ አርለን በመኪና ሲሄድ ድንገት እንደመጣለት ተናግሯል፤ ሃርበርግ መጀመሪያ ሲሰማው ለአንዲት የገጠር ልጅ የገዘፈ መስሎት ነበርና፣ ፈጠንና ቀለል ተደርጎ ሲጫወትለት ነው የተቀበለው። ፊልሙ ለሙከራ ሲታይ ግን የስቱዲዮው አለቆች ዘፈኑ ታሪኩን ያጓትታል፣ ደግሞስ የእኛ ኮከብ በከብት በረት ውስጥ ምን ታደርጋለች ብለው አስወጡት። ፕሮዲዩሰሩ መርቪን ለሮይና ረዳቱ አርተር ፍሪድ ተከራክረው ባያስመልሱት ኖሮ፣ በኋላ የኦስካር ሽልማት ያገኘው ዘፈን መጣያ ውስጥ ቀርቶ ነበር። አቀናባሪ ስለሆንኩ የአለቆቹ ስሜት ይገባኛል፤ እኔም ያለ ርኅራኄ ከቆረጥኳቸው ነገሮች መካከል እስካሁን እንቅልፍ የሚነሡኝ አሉ።

ፊልሙ በሆሊውድ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምቀት የታየው ነሐሴ 15 ቀን 1939 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 9 ቀን 1931 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ አገራችን ገና በጣሊያን ወረራ ሥር ሳለች። 2.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በመጀመሪያው ዙር ከስሯል፤ ከተመልካቾቹ ብዙዎቹ በግማሽ ዋጋ የሚገቡ ልጆች ነበሩ። ትርፍ ያየው በ1949 ዳግመኛ ሲታይ ነው፤ ሁሉም ቤት የገባው ደግሞ ከ1956 ጀምሮ በቴሌቪዥን ነው።

ጫማዎቹም የየራሳቸው ዕድል ገጠማቸው። ለፊልሙ ብዙ ጥንድ ስለተሠራ ቢያንስ አራቱ እስከ ዛሬ አሉ። አንዱ ጥንድ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ሙዚየም ነው ያለው፤ ሌላው በጁዲ ጋርላንድ የትውልድ ከተማ በሚኒሶታ ግዛት፣ ግራንድ ራፒድስ በሚገኘው ሙዚየም ለዕይታ ቀርቦ ሳለ በ2005 ሌሊት ተሰረቀ። ሌባው ፈርጡ እውነተኛ ሩቢ መስሎት ነበር፤ ብርጭቆና ላስቲክ መሳይ ነገር መሆኑን ያወቀው ከሰረቀው በኋላ ነው። በ2018 ፖሊሶች ጫማውን አግኝተው ትክክለኛነቱን ለማስመርመር ወደ ስሚዝሶንያን ሲወስዱት፣ ባለሙያዎቹ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ የሙዚየሙ ግራና ቀኝ ጫማ ጥንድ አልነበሩም። የሙዚየሙ ቀኝ ከተሰረቀው ግራ፣ የሙዚየሙ ግራ ከተሰረቀው ቀኝ ጋር ነበር የሚገጥመው፤ ዘመናቸውን ሁሉ ተቀያይረው ኖረዋል። የተሰረቀው ጥንድ በታኅሣሥ 2024 በጨረታ 28 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ከኮሚሽኑ ጋር 32.5 ሚሊዮን ደረሰ። ለፊልሙ በሙሉ ከወጣው ገንዘብ ጋር አስተያዩት።

በመጽሐፉ ግን ጫማውን ማንም አይሰርቀውም፤ ይጠፋል እንጂ። ዶሮቲ ተረከዟን ሦስት ጊዜ አጋጭታ ወደ ቤቷ ስትበር የብር ጫማዎቹ ከእግሯ ወልቀው በረሃው ላይ ይወድቃሉ፤ ከካንሳስ ሣር ላይ በካልሲዋ ነው የምታርፈው። ቀና ስትል አጎት ሄንሪ በአውሎ ነፋስ ከተወሰደው ቤት ቀጥሎ የሠራው አዲስ ቤት ቆሟል። አክስት ኤም ጎመን ልታጠጣ ወጣ ስትል ልጅቱን ታያታለች። በቃ፣ ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። እኔ ይህን ገጽ ሳነብ ከአዲሱ ቤት ዐይኔን መንቀል አልቻልኩም፤ ዶሮቲ በሄደችበት ጊዜ ሁሉ እዚህም ኑሮ ሲገፋ፣ እንጨት ሲፈለጥ፣ ምስማር ሲመታ ነበር ማለት ነው።

ፊልሙ ይህን ሁሉ ሕልም አደረገው። ዶሮቲ አልጋዋ ላይ ትነቃለች፣ የወፍ ማስፈራሪያውም የቆርቆሮው ሰውም አንበሳውም የአጎቷ ሠራተኞች ሆነው ዙሪያዋን ይቆማሉ፣ ወዴትም አልሄድሽም ይሏታል። የጫማውን ቀለም በደስታ የተቀበልኩ ሰው ይህን መቀበል አቃተኝ። ለባውም ኦዝ እንደ ጎረቤት ወረዳ ያለ አገር ነው፤ በ1910 በጻፈው ተከታይ መጽሐፍ አጎት ሄንሪ ቤቱን ለባንክ ሊያስረክብ ሲል ዶሮቲ እሱንና አክስቷን ይዛ ኦዝ ገብታ ትቀራለች። ሕልም ውስጥ ዘመድ ይዞ መግባት አይቻልም። ሌላም ነገር አለ፤ በመጽሐፉ ደግ ጠንቋዮቹ ሁለት ናቸው፣ የመጀመሪያዋ ጫማውን ስትሰጣት ምን ኃይል እንዳለው አታውቅም፤ የምታውቀው የኋለኛዋ ግሊንዳ ናት። ፊልሙ ሁለቱን አንድ ስላደረጋቸው ግሊንዳ ከመጀመሪያው ምስጢሩን እያወቀች ልጅቱን በእግሯ ያንከራተተቻት ሆነች። የቀለሙ ለውጥ ለካሜራው ሲባል የተደረገ ነው፤ ሕልሙ ግን ተመልካቹ ተረት አያምንም ከሚል ፍርሃት የመጣ ይመስለኛል፤ ፈሪው አንበሳው ብቻ አልነበረም።

ይህን ትችቴን ለልጄ ገና አልነገርኳትም። ያን ቅዳሜ ፊልሙ ሲያልቅ ዶሮቲ አልጋዋ ላይ ሆና ከቤት የሚበልጥ ቦታ የለም ስትል፣ እናቷ እንባዋን ስትጠርግ፣ ልጄ ግንባሯን ቋጥራ ስክሪኑን ታያለች።

«ምነው?» አልኳት።

«ጎመኑስ?» አለችኝ። «አክስቷ ጎመን ልታጠጣ ነበር እኮ የወጣችው።»

አልመለስኩላትም። ሪሞቱን ከእጄ ወሰደችና ጎመን ፍለጋ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችው።